ቡና የተባለችው ኮከብ

ኅዳር ሲጋመስ በጅማ ዙሪያ ያሉት የቡና ከተሞች እንቅልፍ ያጣሉ። ቀኑን ሙሉ ከጫካው ሲለቀም የዋለው ቀይ እሸት ቡና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሰው ጫንቃ፣ በአህያና በመኪና ተጭኖ ወደ መፈልፈያ ጣቢያዎች ይጎርፋል። እሸት ቡና ቀጠሮ አያውቅም፤ ተለቅሞ ክምር ላይ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ በአጋሮ አካባቢ፣ በማናና በጌራ፣ በሊሙም ወረዳዎች የመፈልፈያው ሞተር የሚያጓራው ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ቀይ ቅርፊቱ በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ይለያል፤ በለቀማ የደከመው አንደበት ዝም ሲል የውሃና የሞተር ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ከመፈልፈያው ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ ዓለም አለ። ረጃጅሞቹ የማድረቂያ አልጋዎች በመስኩ ላይ በረድፍ ተዘርግተዋል። ሲመሽ ቡናው ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል፤ ጠባቂውም ጋቢውን ደርቦ፣ ባትሪውንና ዱላውን ከጎኑ አኑሮ በአልጋዎቹ መካከል ይቀመጣል። የቡና ጫካ ከሰማይ ጋር ብዙም አይተዋወቅም፤ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሌላው የጥላ ዛፍ ቡናውን ከፀሐይ ሐሩር እንደሚከልለው ሁሉ ሰውንም ከከዋክብት ይከልለዋል። የማድረቂያው መስክ ግን ፀሐይ በሙሉ ዐይኗ እንድታየው የተመነጠረ በመሆኑ፣ ቀን ለፀሐይ የተከፈተው ያ ገላጣ ቦታ ሌሊት ለከዋክብት መስኮት ይሆናል። በዚህም ምክንያት በጅማ የቡና አገር ሰማይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው ሰው መምህሩ አይደለም፤ ገጣሚውም፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪውም አይደለም። ስለ ከዋክብት ማንም አንድ ነገር የማይጠይቀው የአልጋ ጠባቂ ነው።

ከዚህ ጠባቂ ራስ በላይ፣ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ፣ አንዲት «ቡና» ተብላ የተሰየመች ኮከብ አለች። ስሟን የሰጠቻት ኢትዮጵያ ናት። ጠባቂው ግን ስሟን የሚነግረው ሰው አላገኘ እንደሆነ፣ የጠበቀው ቡና ከበላዩም ከበታቹም እንዳለ ሳያውቅ ሌሊቱ ይነጋበታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በኮከቢቱና በጠባቂው መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ርቀቱ የሰማይና የምድር ብቻ አይደለምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና በየኮከቡ ዙሪያ የሚዞር አንዳንድ ፕላኔት መድቦ፣ ሕዝቡ ከገዛ ባህሉ ስም እንዲያወጣላቸው ጋበዘ። 112 አገሮች ያወጧቸው ስሞች ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኑ። ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ እስከዚያ ቀን ድረስ በሄንሪ ድሬፐር የከዋክብት መዝገብ ከሰፈረላት 16175 ከሚለው ቁጥርና ከመሰሎቹ በስተቀር ይህ ነው የሚባል መጠሪያ አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ግን ኮከቢቱ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተብለው በዓለም የሥነ ፈለክ መዝገብ ሰፈሩ። ኮከቢቱ ከመካከል እንደ ጀበና ተቀምጣ፣ የመጀመሪያው ሲኒ ዙሪያዋን ይዞራታል። ገጣሚያን ተሰብስበው ሌሊቱን ቢመክሩ ከዚህ የቀለለና ከዚህ የጠለቀ ስም ማግኘታቸው ያጠራጥራል።

በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ አስወነጨፈች። ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ያች ሳተላይት የተሠራችው እርሻን፣ ደንንና የአየር ጠባይን ከላይ ሆና እንድትቃኝ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገሪቱ ሁለት ነገር በሰማይ አኖረች ማለት ነው፤ አንዱ መሣሪያ፣ ሌላው ስም። መሣሪያ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ በሌላ ይተካል። ስም ግን ተተኪ የለውም፤ የሚኖረው የሚጠራው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ስለ ኮከቢቱ የሚታወቀውን መናገር ተገቢ ነው። «ቡና» በመጠንም በድምቀትም ከፀሐይ ትበልጣለች። «አቦል» ክብደቱ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሆነ ግዙፍ ፕላኔት ነው፤ ኮከቢቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይወስድበታል፤ መንገዱም ክብ ሳይሆን የተራዘመ በመሆኑ አንዴ ይቀርባታል፣ አንዴ ይርቃታል። መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይሁንና አቦልን በዐይኑ ያየው ሰው የለም። ጠበብቱ ያዩት ኮከቢቱን ነው፤ ብርሃኗን ለዓመታት ሲመረምሩ በዝግታ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ መሆኗን ደረሱበት፤ የሚጎትታት ነገር ከሌለ እንዲህ አትሆንምና፣ ጎታቹን በጉተታው አወቁት። ለቡና አገር ሰው ይህ እንግዳ ዕውቀት አይደለም። የጎረቤት ቡና መቆላቱ የሚታወቀው ምጣዱ ታይቶ ሳይሆን ጭሱ አጥር ተሻግሮ ሲመጣ ነው።

ከኮከቢቱ ተነሥቶ ዛሬ ሌሊት በጎማ ወይም በማና መስክ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መንገድ ከጀመረ 196 ዓመት ያህል ሆኖታል። ያ ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር በጊቤ ወንዝ አገር ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት የሚያጸኑበት ዘመን ግድም ነበር። ዛሬ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚታየው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ገና አልታነጸም፤ ዛሬ በአልጋው ላይ የተሰጣው ቡና ቅድመ አያቶች በጫካው ውስጥ ያብቡ ነበር። የሥነ ፈለክ ሰው ርቀትን በብርሃን ዓመት ሲለካ ሳያስበው የታሪክ ጸሐፊ ይሆናል።

ስፍራዋን ለማግኘት የሚሻ ሰው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀና ይበል። አልማክ የምትባል ደማቅ ኮከብ አለች፤ ወደ ምሥራቅ ጥቂት አልፎ አልጎል የምትባል ሌላ አለች። «ቡና» የምትገኘው በሁለቱ መካከል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ባዶ ዐይን አይደርስባትም፤ ሰማዩ ከጠራና ጨለማው ንጹሕ ከሆነ ግን ባይኖኩላር የሚባለው አነስተኛ የርቀት መነጽር ይበቃታል። ሰዓቱ የለቀማ ሰሞን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በምድር ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወራት በሰማይ ያለችው ቡና ከፍ ብላ ትወጣለች። ክረምት ሙሉ ደመና የሚጋርደው የጅማ ሰማይም የሚጠራው በዚሁ ወራት ነው።

በዚህ የሰማይ ክፍል ውስጥ የስም ነገር ብዙ ታሪክ አለው። «ቡና» ያለችበት የከዋክብት ስብስብ አንድሮሜዳ ይባላል። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥና ንግሥት የኬፊየስና የካሲዮፒያ ልጅ ነበረች፤ እናቷ በውበት በመታበይዋ የባሕር አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ሰደደ፤ ልጅቱም ከዐለት ጋር ታስራ ስትጠብቅ ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። አባት፣ እናት፣ ልጅና አዳኝ ዛሬም በሰሜኑ ሰማይ ጎን ለጎን ናቸው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ያሉት ምድር ከዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ጋር በወሰን አንድ አይደለም፤ ቢሆንም አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ በሌሎች አንደበት ተተርኮ፣ በሌሎች እጅ በሰማይ ተሥሎ ሺህ ዓመታት ኖሯል። በምድር ያለውም ቡና ዕጣው ተመሳሳይ ነው። የዱር መኖሪያው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1753 ሊኒየስ የተባለው የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ «አራቢካ» የሚል ስም ሰጠው፤ ተክሉ በአውሮፓ የታወቀው በዐረቦች በኩል ነበርና። እንግዲህ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሆነው ነገር ቀላል አይደለም። ለሁለት መቶ ስድሳ ዓመታት በሌላ አገር ስም ሲጠራ የኖረው ቡና፣ ግሪኮች ኢትዮጵያዊት ባሏት ልዕልት እግር አጠገብ፣ በገዛ ስሙ ተቀመጠ።

ነገር ግን ስም ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። በአገራችን ልማድ ልጅ ስም የሚወጣለት በሰው መካከል ነው፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይመረቃል፣ ስሙም በሰሚዎቹ ጆሮ ይጸናል። በሰነድ ብቻ የተመዘገበና በጎረቤት ያልተሰማ ስም ገና ስም አልሆነም። «ቡና» የሚለው የኮከብ ስም ቡናን ለቅመው፣ አጥበው፣ አድርቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ እስኪታወቅ ድረስ ክርስትናዋ ወይም ዐቂቃዋ ያልተፈጸመላት ልጅ ሆና ትኖራለች። ለዚህ ደግሞ የሥነ ፈለክ ሰው ብቻውን አይበቃም፤ ከያኒም ብቻውን አይበቃም።

በጥንቱ ዘመን ሁለቱ አንድ ነበሩ። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ አካሉ የተጠበቀው በግእዝ ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ያለው ክፍሉ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን በሮች፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል፣ የዓመቱን ቀናት ቁጥር ይዘረዝራል። ቁጥር ነው፤ ሆኖም በትረካ የተነገረ ቁጥር ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ ሊቃውንት ቀመሩን የሚያጠኑት በቃል ነበር፤ ለቃል የሚመች ነገር ደግሞ ዜማና ምት ሊኖረው ግድ ነው። ከጅማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ እጅግ ርቆ በቦረና ምድር፣ አያንቱ የሚባሉት የዘመን ቆጣሪዎች የጨረቃን አካሄድ ከታወቁ ከዋክብት ጋር እያነጻጸሩ በአሥራ ሁለት የጨረቃ ወራትና በሃያ ሰባት የቀን ስሞች ዓመቱን ይቆጥራሉ፤ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ ሥርዓት በሚናገረው መጽሐፋቸው ይህን ለዓለም አስታውቀዋል። አያንቱዎቹ መሪ ከሚያደርጓቸው ከዋክብት ቀዳሚዎቹ «ላሚ» የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህም ከ«ቡና» በስተ ደቡብ ቅርብ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ። በራሷ በጅማም ሰማይን መመልከት ያልተቋረጠ ሥራ ነው። የረመዳን ጨረቃ በምትጠበቅበት ምሽት ሽማግሌውም ሕፃኑም ወደ ምዕራብ ያያል፤ ቀጭኗ ጨረቃ ስትታይ የሚሰማው የደስታ ድምፅ የትኛውም የሥነ ፈለክ ጉባኤ ያላገኘው ጭብጨባ ነው።

ዛሬ ግን ሥራው ተከፋፍሏል፤ መከፋፈሉም ስለ ዕድገት ግድ የሆነ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቋቋም ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቅንጦት፣ አንዳንዱም እንደ እብደት ቆጥሮት ነበር። ያም ሆኖ በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ መስታወታቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል ተመረቀ። ተመራማሪው ወደዚያ ወጣ፤ ገጣሚው በከተማው አዳራሽ ቀረ፤ ጠባቂውም በቡና አልጋው አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። አንዳንድ ቀን ብቻ ሰማይ ራሷ ሦስቱን ትሰበስባለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላ ሰማይ ላይ የእሳት ቀለበት ስትሠራ፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ካህናትና ገበሬዎች ከአንድ ዐለት በተፈለፈሉት ሕንፃዎች አካባቢ ቆመው አንድ ነገር አብረው አዩ። ቁም ነገሩ ይህን የደቂቃ መገናኘት የሳምንታት አብሮ መኖር ማድረግ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ተሞክሯል። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሌሊት ሰማይን የሚያጠኑና በጥበባቸው የሚገልጹ ሰዎች በገደሉ አፋፍ እየኖሩ፣ ማታ ማታ ያዩትን ለጎብኚው እንዲያካፍሉ ሲደረግ ቆይቷል። በአፍሪካም የናሚቢያው ናሚብራንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 ጨለማው የሚጠበቅለት ሰማይ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና አግኝቷል። በጅማ ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ስፍራ አይጠፋም። በስተ ደቡብ በዳውሮና በኮንታ ምድር ዝሆኖች የሚኖሩበት የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በቦንጋ ዙሪያ ያለው የካፋ ደንና የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ምንም አዲስ ሕንፃ የማይሻው የማድረቂያ መስክ ነው። ገላጣ ነው፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው ሰው አለው፣ እሳትና ጀበናም አይታጣበትም።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣትም አለበት። ብዙ የገጠር ቤት ዛሬም በኩራዝ በሚያመሽባት አገር ጨለማን የሚያወድስ ሰው ማን ነው? በኩራዝ ጭስ ዐይኗ እየተቃጠለ የምታጠና ተማሪ፣ በባትሪ ብርሃን ምጥ የምታዋልድ የጤና ባለሙያ፣ በደብዛዛ አምፖል ሥር እጁን ከሞተሩ ጥርስ እየጠበቀ የሚሠራ የመፈልፈያ ሠራተኛ፣ ጨለማ ቅርስ ነው ቢባሉ ነገሩን እንደ ስድብ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም። ከተማ የለመደ ሰው ለአንድ ሳምንት ወደ ገጠር ወርዶ፣ በሰው ድህነት ላይ ግጥም ጽፎ ቢመለስ፣ ያ ኪነ ጥበብ አይደለም። የጊልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጨው በዚሁ በጅማ ምድር ነው፤ ወንዙ የሚፈስበት አገር ሕዝብ መብራቱን ቢፈልግ ከመብትም በላይ ነው።

መልሱ የሚገኘው ግን ከመድረክ ብርሃን ባለሙያ ዘንድ ነው። ተዋናዩ እንዲታይ የሚሻ ባለሙያ አዳራሹን ሁሉ አያበራም። መብራቱን በቆርቆሮ ከልሎ፣ አቅጣጫ ሰጥቶ፣ በሚፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ያሳርፈዋል፤ ወደ ጣሪያው የሚሄደው ብርሃን ለእርሱ የጠፋ ብርሃን ነው። የመንገድ መብራትም ሕጉ ከዚህ አይለይም። ከበላዩ ክዳን ያለው፣ ወደ ምድር ብቻ የሚያበራ ፋኖስ ለእግረኛው የበለጠ ያሳያል፣ ኃይል ይቆጥባል፣ ሰማዩንም ለከዋክብት ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዓለም ጥናት እንዳረጋገጠው ከዓለም ሕዝብ ከመቶ ሰማንያው በላይ የሚኖረው በሰው ሠራሽ ብርሃን በደበዘዘ ሰማይ ሥር ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ፍኖተ ሐሊብን ከቤቱ ደጅ ሆኖ ማየት አይችልም። እነዚያ አገሮች መብራቱን በማግኘታቸው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ያለ ክዳን በማብራታቸው ነው። መብራቱ ገና በመስፋፋት ላይ ያለበት አገር አንድ ዕድል አለው፤ ሌላው አብርቶ ካጠፋው በኋላ የተጸጸተበትን ሰማይ እርሱ ሳያጠፋው ማብራት ይችላል። ይህ የጨለማ ውዳሴ አይደለም፤ የብርሃን ሥርዓት ነው።

አብሮ መሰንበቱ ምን ሊመስል እንደሚችል በተውኔት መልክ ማሰብ ይቻላል። መድረኩ የማድረቂያ መስክ ነው፤ ጊዜው ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ጠባቂው ተቀምጧል። አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ባይኖኩላር ከአንገቷ አንጠልጥላ ትገባለች።

«እንደምን አመሹ አባባ?»

«ፈጣሪ ይመስገን ልጄ። በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለሽ?»

«ቡናን ለማየት መጥቼ ነው።»

«ቡናውማ ተሸፍኗል። በጤዛ አይገለጥም፤ ሲነጋ ነይ።»

«የሰማዩን ቡና ነው የምልዎት።»

ጠባቂው ወደ ላይ ያያል፤ ከዚያ አልጋዎቹን በዐይኑ ይቆጥራል። «እኔ የተረከብኩት በሚዛን ነው፤ አንድ ኪሎ አልጎደለም። ወደ ላይ ማን አወጣው?»

ተማሪዋ ትስቃለች፤ አጠገቡ ተቀምጣም ታስረዳዋለች። መነጽሩን ትሰጠዋለች፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ክርኑን በአልጋው ጠርዝ ላይ እንዲያስደግፍ ትነግረዋለች። በመጨረሻ ነጥብ የምታክል ብርሃን ያያል። ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። «እና ያን ሁሉ ቡና ማን ይለቅመዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዋ መልስ የላትም። ከዚያ እርሱ በተራው ወደ ምሥራቅ እየጠቆመ፣ «ያችን ቀይዋን ታያታለሽ? እሷ ከዋንዛው ጫፍ ስትደርስ ተረኛዬን እቀሰቅሳለሁ፤ ሰዓት ይዤ አላውቅም» ይላታል። ተማሪዋ ደብተሯን ታወጣለች።

በዚህ ትንሽ ትዕይንት ውስጥ የነገሩ ሁሉ ፍሬ አለ። ተማሪዋ የኮከቢቱን ቁጥር፣ ርቀትና ስም ታውቃለች፤ ጠባቂው ከዋክብት በየትኛው ዛፍ ጫፍ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ ያውቃል። «ማን ይለቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ ለሥነ ፈለክ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ለገጣሚ ግን የአንድ ሙሉ ሥራ መነሻ ነው። ሠዓሊውም ቢሆን የጨለማን ቀለም ከአዳራሽ ግድግዳ አይማረውም፤ ተሸፍነው የተኙት አልጋዎችና ተገልጦ ያደረው ሰማይ ጎን ለጎን ሲታዩ ምን ያህል ዓይነት ጥቁር እንዳለ ያን ጊዜ ይረዳዋል።

ስለዚህ ወደዚያ የሚወርድ ሁሉ፣ ቴሌስኮፕ ይያዝ ብዕር፣ እንግዳ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ቀን ከሠራተኞቹ ጋር በአልጋው ላይ ያለውን ቡና ያገላብጥ፤ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ይልቀም፤ ሲመሽ ያሸፍን። ግጥሙን ጽፎ ሳይሆን ጆሮውን ከፍቶ ይምጣ። የሥነ ፈለክ ሰውም ትምህርቱን በአካባቢው ቋንቋ ለመናገር ይድከም፤ በኦሮምኛ ኮከብ «ኡርጂ» ነው፣ ቡና ግን በኦሮምኛም በአማርኛም ያው ቡና ነው። ሥራው ሲያልቅም ግጥሙ፣ ሥዕሉና ተውኔቱ በመጀመሪያ የሚታየው በአዲስ አበባ አዳራሽ ሳይሆን እዚያው በመስኩ ላይ፣ ጠባቂው፣ ለቃሚዎቹና የአጋሮ ተማሪዎች ባሉበት ይሁን። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ባይኖኩላር፣ አንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕ፣ ጋቢና ፈቃደኝነት ይበቃሉ።

በቡና አገር ሥርዓት አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ቤቱን እንዳቃለለ ይቆጠራል። ቶና አለ፤ ከቶና በኋላ በረካ አለ፤ ምርቃቱም ያለው በመጨረሻው ሲኒ ነው። በሰማይ እስካሁን የተቀዳው አቦል ብቻ ነው። በ«ቡና» ዙሪያ ሌሎች ፕላኔቶች ተገኝተው ቶናና በረካ ይባሉ እንደሆነ ወደፊት በመሣሪያ የሚታወቅ ነው። በምድር ያለው ቶና ግን መሣሪያ አይጠብቅም። የሚመጣው ኅዳር ሲጋመስ፣ የመፈልፈያው ሞተር ማጓራት ሲጀምርና አልጋዎቹ ሲሸፈኑ፣ አንድ ሰው መነጽር ይዞ ወደ መስኩ ወርዶ «እንደምን አመሹ አባባ?» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጀበናው ከእሳቱ ዳር ነው።